"እድሜ ነው" የተባለ የወገብ ህመም፦ የአንዲት የ66 አመት እናት የአጥንት መሳሳት ጉዳይ

ይሄን ጉዳይ የምጽፈው ተመሳሳዩ ብዙ ቤት ውስጥ እንዳለ ስለማውቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰፈር መድሃኒት ቤት የምሰራ ፋርማሲስት ነኝ፣ እኚህን እናት መጀመሪያ የማውቃቸው በደንበኝነት ነው፣ እማማ ነው የምላቸው እዚህም እንደዛው ልጥራቸው። እሳቸውም አብሯቸው የሚኖረው ልጃቸውም እንዲጻፍ ፈቅደዋል፣ ስም፣ ሰፈርና የታከሙበት ቦታ ግን አይጠቀስም። ከሁሉም በፊት እንዲያዝልኝ የምፈልገው፣ ሰው ሳይወድቅና ሳይመታ አጥንቱ ከተሰበረ በሽታ አለበት ማለት ነው፣ በሽታው ስምም ህክምናም አለው። እማማ ህክምናው ጋ እስኪደርሱ ወራት ያለፉት "እድሜ ነው" በሚል መልስ ነው።

የኋላ ታሪክ

እማማ ጡረተኛ ናቸው። የወር አበባቸው የቆመው በ46 አመታቸው አካባቢ ነው። እናታቸው በስተርጅና ጎብጠው፣ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ውለው ነው ያለፉት። እነዚህ ሁለቱ ብቻቸውን አጥንት መመርመር ያለበት ሰው መሆናቸውን ይናገሩ ነበር ግን የጠየቃቸው የለም።

ሌላው አስም ነው። ከአመታት በፊት በጣም ሲብስባቸው አንድ ሀኪም ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ክኒን ለጥቂት ቀን አዞላቸው፣ በሁለተኛው ቀን ተነስተው ቤታቸውን ጠረጉ፣ ከዛ በኋላ ማን ይለያቸው፣ ባዶውን ፓኬት እያሳዩ ከተለያየ ቦታ ይገዛሉ፣ የ5 ሚሊግራሙን ጠዋት ጠዋት ሁለት ፍሬ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሶስት። ይሄ ወደ 4 አመት ቀጠለ። የሚነፋው ፓፍ ታዞላቸው ነበር፣ "ፓፍ የለመደ አይላቀቅም" ስለተባሉ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ፊታቸው ሞልቶ ክብ ሲሆን እድር ላይ ያየ ሁሉ "ተመቸሽ፣ ወዘናሽ ተመለሰ" ይላቸው ነበር፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። ያ ግን የመድሃኒቱ ምልክት ነው። ክንዳቸው ላይ ቆዳቸው ሳስቶ ትንሽ ሲነካ ይበልዝ ነበር፣ ያም እንደዛው።

አጥንት አንዴ ተሰርቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፣ አሮጌው እየፈረሰ አዲሱ እየተገነባ ነው የሚኖረው። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ሲቆም ኢስትሮጅን ስለሚቀንስ ማፍረሱ ከመገንባቱ ይፈጥናል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ አመታት። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ የሚገነቡትን ህዋሶች ያዳክማል፣ ካልሲየም ከአንጀት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል፣ በሽንት እንዲወጣም ያደርጋል፣ ጡንቻም ያሳሳል። አጥንቱ በጣም የሚጎዳው ገና በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ውስጥ ስለሆነ ነው 3 ወርና ከዛ በላይ የሚወስድ ሰው አጥንቱ ይታይ የሚባለው። እማማ 4 አመት።

ችግሩ እንዴት ወጣ

የመጀመሪያውን ምልክት ያየችው ልብስ ሰፊ ናት ማለት ይቻላል። የሀበሻ ቀሚሳቸው መሬት እየጠረገ አስቸገረ ብለው አሳጠሩት። ቀሚሱ አልረዘመም፣ እሳቸው ናቸው ያጠሩት፣ በኋላ ሲለኩ 152 ሴንቲሜትር ሆኑ፣ የድሮ የህክምና ካርዳቸው ላይ ግን 158 ነው የሚለው። ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ማጠር ብቻውን የአከርካሪ ራጅ ለማንሳት በቂ ምክንያት ነው። የአከርካሪ ስብራት አብዛኛው ድምጽ የለውም፣ ሰው "ወገቤን ትንሽ ያመኛል" ብሎ ያልፈዋል።

ከዛ ውሃ በፈረቃ በመጣበት ቀን 20 ሊትር ጀሪካን ጎንበስ ብለው ሲያነሱ ጀርባቸው ላይ ቀጭ አለ። አልጋ ላይ መገላበጥ አቃታቸው። ቅጭት ነው ተብሎ ወጌሻ ተጠራ፣ በቅቤ ሁለት ቀን አሸ፣ ባሰባቸው። (ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም፣ ግን የተደረመሰ አከርካሪ ላይ መጫን አደጋ ነው፣ ስብራት ሊሆን እንደሚችል የጠረጠረ ሰው ደግሞ ቤት ውስጥ አልነበረም።) ከወጌሻው በኋላ ክሊኒክ ሄደው ዲክሎፌናክ የሚባል የህመም ማስታገሻ መርፌ ተወጉ፣ ራጅ ሳይነሳ "እድሜ ነው እናቴ፣ ከባድ አያንሱ" ተብለው ተመለሱ።

እኔ ጋ የመጡት ዲክሎፌናክ ክኒን ሊገዙ ነው፣ ሲመላለሱ የሚወስዱትን መድሃኒት ሁሉ በፌስታል እንዲያመጡልኝ ለመንኳቸው። ሲያመጡ ፕሬድኒሶሎን፣ ዲክሎፌናክ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል፣ የደም ግፊት መድሃኒት። አስም ላለበት ሰው ዲክሎፌናክ አስሙን ሊቀሰቅስ ይችላል፣ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲሆን ደግሞ ጨጓራን ያቆስላል ያደማል፣ ግፊትም ይጨምራል። በፓራሲታሞል ቀየርነውና የሚወስዱትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ከልጃቸው ጋር ወደ ውስጥ ደዌ ሀኪም ላክኋቸው፣ ፕሬድኒሶሎኑን ደግሞ ሀኪሙ እስኪያያቸው በራሳቸው እንዳያቋርጡ አጥብቄ ነገርኳቸው።

ምርመራው

ራጁ ላይ አስራ ሁለተኛው የደረት አከርካሪና የመጀመሪያው የወገብ አከርካሪ ከፊት በኩል ተደርምሰዋል። መጀመሪያ የተነሳው ጥርጣሬ የአከርካሪ ቲቢ ነው፣ ቤተሰቡ በጣም ደነገጠ፣ ግን እኛ አገር ይሄ ጥርጣሬ ትክክል ነው መነሳትም አለበት። ኤምአርአይ ሲነሳ በአከርካሪዎቹ መሀል ያለው ዲስክ ደህና ነው፣ መግልም የለም፣ ቲቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዲስኩን ጭምር ነው የሚበላው። ትኩሳት የለ፣ የሌሊት ላብ የለ፣ መክሳት የለ። መልቲፕል ማየሎማ የሚባለው የመቅኔ ካንሰርም አከርካሪ ስለሚያፈርስ የደም ፕሮቲን ምርመራ፣ የደም ማነስ፣ ካልሲየምና ኩላሊት ታየ፣ ንጹህ ነው። ታይሮይድም ደህና። ቫይታሚን ዲ ግን 11 ናኖግራም ሆኖ ተገኘ፣ 20 እንኳን ዝቅተኛው መስመር ነው። ልጃቸው "ይሄ ሁሉ ጸሀይ ባለበት አገር?" ብሎ ነበር፣ ጸሀዩ አለ፣ እማማ ግን ወገባቸው ከታመመ ጀምሮ ከቤት አይወጡም፣ ሲወጡም ከራስ እስከ እግር ተሸፍነው በነጠላ ነው።

ቀጥሎ የአጥንት እፍጋት የሚለካው ዴክሳ የሚባለው ምርመራ። እሱን ያገኘነው አንድ የግል ማእከል ነው፣ ጨረሩ በጣም ትንሽ ነው፣ ተኝቶ ጥቂት ደቂቃ ነው። ውጤቱ ቲ-ስኮር በሚባል ቁጥር ይሰጣል፣ ከጤናማ ወጣት ሴት አጥንት ጋር ሲወዳደር ምን ያህል ዝቅ ይላል ማለት ነው፣ የአለም ጤና ድርጅት በ1994 ባወጣው መስፈርት -2.5 እና ከዛ በታች ኦስቲዮፖሮሲስ (የአጥንት መሳሳት) ይባላል። የእማማ ወገብ -2.4፣ የዳሌ አንገት -3.2።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የወገቡን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው "ገና መስመር ላይ ናቸው" ይላል፣ ቤተሰቡም እንደዛ ነበር የገባው። የተደረመሰ አከርካሪ ግን ተጨፍልቆ ስለሚጠጋጋ ማሽኑ ላይ እፍጋቱ የበዛ ይመስላል፣ እርጅና የሚያመጣው የአጥንት ቡቃያም እንደዛው ያደርጋል፣ ስለዚህ የተሰበረው አከርካሪ ከስሌቱ መውጣት አለበት ዳሌውም መታየት አለበት። ከዛ በላይ ግን አከርካሪው ያለ አደጋ ከተደረመሰ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን በሽታው አለ፣ ህክምና ይጀመራል። አንዱ ከተሰበረ ሁለተኛው የመሰበር እድሉ በጣም ይጨምራል፣ በተለይ በሚቀጥለው አንድ ሁለት አመት።

ህክምናው

መጀመሪያ ቫይታሚን ዲ 50,000 ዩኒት በሳምንት አንዴ ለ8 ሳምንት፣ ከዛ በየቀኑ 1,000 ዩኒት። ለአጥንቱ አሌንድሮኔት 70 ሚሊግራም በሳምንት አንዴ ታዘዘ።

አሌንድሮኔት ክኒኑ ርካሽ ነው ጥሩ ነው፣ አወሳሰዱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠዋት ባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ተራ ውሃ፣ ከዛ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይበሉ ሳይጠጡ ሳይተኙ ሳያጎነብሱ። በባዶ ሆድም ቢሆን ወደ ደም የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም፣ ቡና ወይ ወተት ከተከተለው ይሄም ይጠፋል፣ ማእድን ያለው አምቦ ውሃም አይሆንም። እማማ የመረጡት ቀን እሁድ ነበር፣ ለማስታወስ ይቀላል ብለው። ለሊት 11 ሰአት በአንድ ጉንጭ ውሃ ውጠው ቤተክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ጎንበስ ቀና ይላሉ፣ ክኒኑ ጉሮሮ ላይ ይመለሳል። ደረታቸውን ማቃጠል ጀመረ። ቀኑን ወደ ማክሰኞ ቀየርነው፣ ብርጭቆው ሞልቶ ማታ አልጋቸው አጠገብ እንዲቀመጥ ተደረገ፣ ግን ከዋጡ በኋላ ትንሽ ጋደም የሚሉ ሆነው ተገኙ፣ ጨጓራቸውም ድሮም የታመመ ነው፣ ማቃጠሉ አልቆመም። ሀኪሙ አቆመው።

አማራጩ ሁለት ነበር። ሜሪላንድ ያለችው ልጃቸው በ6 ወር አንዴ የሚሰጠውን ዴኖሱማብ የሚባለውን መርፌ ሰምታ እልካለሁ አለች። ሀኪሙ የመለሰላት ነገር ትልቅ ቁም ነገር ነው፣ ይሄ መርፌ ቀኑ ካለፈና ከተቋረጠ አጥንቱ በፍጥነት ይወርዳል፣ ብዙ አከርካሪ በአንዴ ሊደረመስ ይችላል፣ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው እየተጠበቀ የሚወሰድ መድሃኒት አይደለም። ስለዚህ በአመት አንዴ በደም ስር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ 5 ሚሊግራም ተመረጠ፣ ቢዘገይ እንኳን አጥንት ላይ ተይዞ ስለሚቆይ እንደዛ አይቀጣም። ከመሰጠቱ በፊት ኩላሊታቸው ተለካ፣ ቫይታሚን ዲ 34 መድረሱ ታየ (ዝቅ ብሎ ከተሰጠ የደም ካልሲየም ይወድቃል)፣ አንድ የበሰበሰ የመንጋጋ ጥርስ ነበራቸው እሱ ተነቅሎ እስኪድን ተጠበቀ። ከተሰጣቸው በኋላ ሁለት ቀን ትኩሳትና ቁርጥማት ነበራቸው፣ አስቀድሞ ስለተነገራቸው አልደነገጡም፣ ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ወሰዱ አለፈ።

ፕሬድኒሶሎኑን መቀነስ

ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው። ለአመታት ከውጪ ስቴሮይድ የወሰደ ሰው የራሱ እጢ ኮርቲሶል የሚባለውን የሰውነት ስቴሮይድ ማምረት ስለሚያቆም በአንዴ አይቆምም፣ ህይወት ሊያሳጣ ይችላል። መጀመሪያ አስሙን የሚይዝ ነገር መምጣት ነበረበት፣ ቡደሶናይድና ፎርሞቴሮል አብረው ያሉበት ፓፍ በየቀኑ ተጀመረ፣ አነፋፉን እኔ ጋ እየመጡ ተለማመዱ፣ ከነፉ በኋላ አፍ መጉመጥመጥንም። በፓፍ የሚገባው ስቴሮይድ መጠኑ ጥቂት ነው ስራውም በአብዛኛው ሳምባ ላይ ነው፣ ከክኒኑ ጋር አይወዳደርም። ፕሬድኒሶሎኑ ከ10 ወደ 7.5፣ ወደ 5፣ ከዛ በኋላ በጣም በዝግታ ቀነሰ።

መሀል ላይ ዘመድ ሞተና ክፍለ ሀገር ለቅሶ ሄዱ፣ ፌስታሉ ቤት ቀረ። በሶስተኛው ቀን ማስመለስ፣ አቅም ማጣት፣ ሲነሱ ማዞር፣ ለቀስተኛው ሀዘን ነው አለ። ልጃቸው ግን "ክኒኑ ከተቋረጠ እንዲህ ይሆናል" የተባለው ትዝ ብሎት ወዲያው ጤና ተቋም ወሰዳቸውና ስቴሮይድ የለመዱ መሆናቸውን ተናገረ፣ በደም ስር ሀይድሮኮርቲሶን ተሰጥቷቸው ተመለሱ። ከዛ በኋላ ቦርሳቸው ውስጥ "ፕሬድኒሶሎን በአንዴ አይቋረጥብኝም" የሚል ወረቀት ይዘው ነው የሚንቀሳቀሱት። መቀነሱ እንደገና ተጀምሮ ወደ አንድ አመት ወሰደ፣ የጠዋት ኮርቲሶል ተለክቶ ሙሉ በሙሉ ቆመ።

ጾም፣ ምግብና ካልሲየም

በሳቸው እድሜ በቀን የሚፈለገው ካልሲየም 1,200 ሚሊግራም አካባቢ ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ይሰጣል። ለምእመን ግዴታ የሆኑት አጽዋማት ተደምረው በአመት ወደ 180 ቀን ይመጣሉ፣ እማማ ደግሞ ከዛም በላይ ነው የሚጾሙት፣ ስለዚህ ወተት፣ እርጎና አይብ ግማሹን አመት የለም። ሀኪሙ መጀመሪያ "ጾሙን ይተዉት" ብሏቸው ነበር፣ ቀጠሮ ማቋረጥ ነው የጀመሩት። የሰራው መንገድ ልጃቸው የንስሃ አባታቸውን ማነጋገሩ ነው። አባ ለታመመ ሰው ጾም እንደሚፈታ፣ ወተቱም እንደ መድሃኒት እንደሚወሰድ ነገሯቸው። እማማ ረቡዕና አርብን ተቀበሉ፣ የሁዳዴን 55 ቀን ግን አይሆንም አሉ፣ እኛም አልተጨቃጨቅንም፣ ለሁዳዴ የተለየ እቅድ አወጣን።

የጾሙ ገበታም ባዶ አይደለም። ጤፍ ከስንዴና ከበቆሎ በጣም የበለጠ ካልሲየም አለው፣ ሊጡ መቡካቱ ደግሞ ካልሲየሙን የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል። ጎመን በየቀኑ፣ ሰሊጥ፣ ሽሮ፣ ባቄላ። ለጡንቻ የሚሆን ፕሮቲን ከጥራጥሬው ይገኛል፣ አሮጊት ሰው በጾም ሰበብ በአንድ ጉርሻ እንዳይውል ነው ዋናው። የቀረው በክኒን፣ 500 ሚሊግራም ካልሲየም ከምግብ ጋር፣ ጾሙ ከቀኑ 9 ሰአት በኋላ ሲፈታ። ኦሜፕራዞል ስለሚወስዱ ሲትሬት የሚባለው አይነት ይሻላል፣ ካርቦኔቱ ለመሟሟት የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል።

እዚህ ጋ ያልሰራ ነገር አለ። ከሜሪላንድ ሶስት አይነት ጠርሙስ መጣ፣ አንዱ "ለአጥንት" ሌላው "ለሴቶች" የሚል፣ እማማ ሶስቱንም ይወስዱ ነበር፣ ስደምረው ከምግቡ ጋር በቀን ከ2,000 ሚሊግራም በላይ ነው። ሆድ ድርቀት ያዛቸው፣ ከዚህ መጠን በላይ ደግሞ የኩላሊት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል። ሁለቱን አስቀረን። ቅልጥምና የአጥንት መረቅም ከየዘመዱ ቤት ይመጣ ነበር፣ ይጣፍጣል ያሞቃል፣ ካልሲየሙ ግን ትንሽ ስለሆነ አልቆጠርነውም።

ቤቱና እንቅስቃሴው

ሽንት ቤቱ ጊቢ ውስጥ ነው፣ ማታ መብራት ሲጠፋ በነጠላ ጫማ ሁለት ደረጃ ወርደው ነው የሚሄዱት። ልጃቸው በያጅ ጠርቶ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ የቧንቧ ብረት መደገፊያ አስበየደ፣ ቻርጅ የሚደረግ መብራት አልጋቸው አጠገብ አስቀመጠ፣ የሚያንሸራትተው ምንጣፍ ተነሳ፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ተገዛ። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከፍ እንዲል ተደረገ። የወጣው ገንዘብ ከመድሃኒቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ የዳሌ ስብራት የሚመጣው ግን በአብዛኛው በመውደቅ ነው።

የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ለወራት አስረው ነበር። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ህመም ያስታግሳል፣ ከዛ በኋላ ግን የጀርባ ጡንቻ ያሰንፋል፣ ፊዚዮቴራፒስቷ አስወለቀቻቸው። ያዘዘችላቸው ከወንበር በእጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ከመሬት ማንሳት፣ በሆድ ተኝቶ ደረትን ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ እና ጠዋት ጸሀይ ላይ ክንድ ገልጦ መራመድ። ከወገብ ወደ ፊት መታጠፍ ክልክል ነው፣ የተዳከመ አከርካሪ የሚደረመሰው ያኔ ነው። ይሄ ማለት የቡሃቃ ማንሳት፣ በአጭር መጥረጊያ መጥረግ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ማፍላት ሁሉ መለወጥ አለበት። ምጣዱ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፣ መጥረጊያው ረጅም እንጨት ተገጠመለት፣ ጀሪካኑ ባለ 5 ሊትር ሆነ። ስግደቱን አባ በቁም ራስ ዝቅ በማድረግ እንዲፈጽሙ ፈቀዱላቸው፣ እማማን ከሁሉም ያስለቀሳቸው ስግደት መተው ነበር እና ይሄ ፈቃድ ከብዙ ምክራችን በላይ ረድቷል።

አሁን ያሉበት

ሁለተኛውን ዞሌድሮኒክ አሲድ ወስደዋል። አዲስ ስብራት የለም፣ ቁመታቸው አልቀነሰም፣ ቤተክርስቲያን በእግራቸው ይሄዳሉ። ዳሌያቸው በዛው ማሽን -2.9 ሆኗል፣ ትንሽ ለውጥ ስለሆነ ከፊሉ የመለኪያ ልዩነት ሊሆን ይችላል፣ ሀኪሙ ደስ ያለው አለመውረዱ ነው። የተደረመሱት አከርካሪዎች ወደ ቁመታቸው አይመለሱም፣ ቆመው ሲውሉ ጀርባቸው ይደክማል። ከሶስተኛው ዞሌድሮኒክ አሲድ በኋላ አጥንታቸው ተለክቶ መቀጠል አለመቀጠሉ ይወሰናል።

ለሌላ ቤት የሚሆን

ፕሬድኒሶሎንም ሆነ ሌላውን ስቴሮይድ ዴክሳሜታዞንን መውሰድ ከጀመረ 3 ወር ያለፈው ሰው ቤታችሁ ካለ አሁኑኑ የሚያደርገው ማቆም ሳይሆን ሀኪም ማየት ነው፣ ሀኪሙንም "አጥንቱስ?" ብሎ መጠየቅ። ከ50 በላይ የሆነ ሰው ድንገት ጀርባውን ሲያመው፣ በተለይ ጎንበስ ሲል ወይ ሲያነሳ ከጀመረው፣ ከመታሸቱ በፊት ራጅ። አከርካሪ ተደርምሶ ከተገኘ ደግሞ ቲቢና ማየሎማ ሳይጣሩ የእድሜ ነው አይባልም። እግር መደንዘዝና መዛል ወይ ሽንት አለመቆጣጠር ከመጣ በዛው ቀን ሆስፒታል።

የስራ ባልደረቦቼ፣ በባዶ ፓኬት ስቴሮይድ ሲጠየቅ "ለስንት ጊዜ ወሰዱት" የምትለው ጥያቄ ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም፣ ፌስታሉን ማስፈታትም አምስት ደቂቃ ነው። ውጪ አገር ያላችሁ ልጆች ከመላካችሁ በፊት የሚወስዱትን ዝርዝር በፎቶ አስልኩና ለሀኪም ወይ ለፋርማሲስት አሳዩ።

የእማማ ሁለቱ ሴት ልጆች አያትም እናትም የተሰበሩባቸው ስለሆኑ ተነግሯቸዋል። አዲስ አበባ ያለችው 43 አመቷ ነው፣ ለ7 አመት የሶስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ስትወስድ ነበር። መርፌው በሚወሰድበት ጊዜ የአጥንት እፍጋትን እንደሚቀንስ፣ ሲቆም ደግሞ በአብዛኛው እንደሚመለስ ከሀኪሟ ጋር ተነጋግራ ማህጸን ውስጥ ወደሚቀመጠው ሉፕ ቀይራለች፣ ቫይታሚን ዲም ተለክታ ዝቅተኛ ስለሆነ ጀምራለች።